የሩቅ ዘመድን ስለ መጠየቅ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ረዥም መንገድ በሄደ ጊዜ ጉዳዩን በተራ ይደረድራል። አስቀድሞ የተላከበትን ሥራ ይፈጽማል፤ ከዚያም ታላላቆቹን ከተማዎች ይጎበኛል፤ ቀጥሎ ለቤተ ሰቡ ልብስና ጫማ ይገዛል፤ በዚያ አገር የሚኖረውን ዘመዱን ግን ለመጨረሻው ቀን ያቆየዋል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «ጉዳዬን ጨርሼ ልቤ ሲያርፍ ልጠይቀው ብዬ ነው» ይላል። ነገሩ ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ነገር ግን ይህ የመጨረሻ ቀን ከጉዞው ሁሉ ለዘመድ የተመረጠ ነውን፥ ወይስ ከጉዞው ሁሉ የተረፈ ነው? ይህ የአንድ ሌሊት መስተንግዶ ነገር ብቻ አይደለምና ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ለምሳሌ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፥ በዙሪያዋም ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተማዎች የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን መመልከት ይበቃል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ብዙዎች በስደት፥ ኋላም በዲቪ ዕጣና በቤተ ሰብ ጥሪ እየሄዱ በዚያ ሰፍረዋል። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለው ርቀት ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከነዚህ ሰዎች መካከል በትምህርትም በንግድም ከፍ ያሉ አሉ፤ ነገር ግን ታክሲ እየነዱ፥ መኪና ማቆሚያ እየጠበቁ፥ ሌሊቱን በሆስፒታል በሽተኛ እያስታመሙ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። በአገሩ ሳለ መምህር የነበረ ሰው በዚያ በሌላ ሥራ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የብዙዎቹም ደመወዝ በሰዓት የሚቈጠር ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ አሠሪ ሁሉ ከነደመወዙ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ስለዚህ እንግዳ ሊቀበል ከሥራው የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ የዚያን ቀን ደመወዙን ትቶ የቀረ ነው።

እንግዳው የሚደርሰው ደክሞ ነው። ገንዘቡ አልቋል፤ ሁለቱም ሻንጣዎቹ እያንዳንዳቸው የተፈቀደላቸውን 23 ኪሎ ሞልተዋል፤ ልቡም ወደ አገሩ ቀድሞ ሄዷል። ዘመዱ ግን ከሁለት ቀን በፊት ዶሮ ወጥ አሠርቶ፥ ቤቱን አስጠርጎ፥ የሌሊት ተራውን ከባልንጀራው ጋር ተለዋውጦ ይጠብቀዋል። ራት ይበላል፤ የታወቁት ነጫጭ ሐውልቶች በመኪና ይታያሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በማግሥቱም ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ጉዞ ይሆናል። በዚህ ሁሉ እንግዳው ያየው ድግሱን ነው፤ ኑሮውን አላየም። ባለቤቱም እንግዳውን ላለማሳዘን ድካሙን ይሸሽገዋል።

ችግሩ የሚገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። መንገደኛው ወደ አገሩ ተመልሶ እናቲቱ «ልጄን እንዴት አገኘኸው?» ብለው ሲጠይቁት፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ትልቅ ቤት አለው፤ መኪናም አለው» ይላቸዋል። ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ በ30 ዓመት በሚያልቅ የባንክ ዕዳ የተያዘ መሆኑን አላወቀም፤ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ይህን ከወዴት ያውቃል? ወሬው በዘመድ ሁሉ ዘንድ ይሰማል። ለተማሪ ልጅ፥ ለሠርግ፥ ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ከያለበት ይጠየቃል። ያ ሰው የቻለውን ሰጥቶ ያልቻለውን ሲያስቀር «ጨካኝ ሆነ፤ ዘመዱን ረሳ» ይባላል። ማንም ክፉ ሳያስብ ወንድም ከወንድሙ ይቀያየማል።

ከዚህ የሚታየው የሩቅ ዘመድን የሚጠይቅ ሰው ለራሱ ብቻ የሚሄድ አለመሆኑን ነው። ሊሄዱ ለማይችሉት ዓይናቸው ነው። ያዕቆብ ዮሴፍን ወደ ወንድሞቹ፥ እሴይም ዳዊትን ወደ ሰልፉ ሲልኩ ደኅንነታቸውን አይተው ምልክትና ወሬ እንዲያመጡላቸው አዘዙ። ዮሴፍም ወንድሞቹን በሴኬም ባጣቸው ጊዜ «አላገኘኋቸውም» ብሎ ከዚያ አልተመለሰም፤ እስከ ዶታይን ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። ይህ ያዕቆብ ኋላ በደም የተነከረ ቀሚስ ቢቀርብለት ያልሆነውን አምኖ ብዙ ዘመን አለቀሰ። በወሬ የሚኖር ወላጅ በሐሰተኛ ወሬ እንደሚያዝን ሁሉ በሐሰተኛ ወሬ ደስ ሊለውም ይችላል፤ ሁለቱም መታለል ነው።

አንዳንድ ሰው ግን «የልጅን ችግር ለእናት ነግሮ ማስለቀስ ምን ይጠቅማል? ደግሞስ የባልንጀራን ገመና መግለጥ ይገባልን?» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ምሥጢር መጠበቅ ይገባል፤ ምሥጢር መጠበቅ ግን ያላዩትን ብልጽግና ለመመስከር ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ ከመለየቱ በፊት ዘመዱን ለብቻው ይዞ «ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የሚነገረውንና የሚቀረውን የሚመርጠው የኑሮው ባለቤት ነው። ብዙ ጊዜም እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረውምና ልቡን ይከፍትለታል።

እንግዲህ የመጨረሻው ቀን ራሱ ነውር የለበትም። ጉዳዩን የፈጸመ ሰው አሳቡ አይከፋፈልም፤ የተቀበለውንም መልእክት ሳይረሳ ትኩሱን ያደርሳል። ነውሩ ዘመድን የጉዞ ትርፍራፊ ማድረግ ነው። ሦስት ቀን ማቆየት የሚችል ለአንድ ሌሊት አይምጣ፤ በሻንጣውም ባለቤቱ ወደ አገሩ ለሚልከው ዕቃ ስፍራ ይተው። ድግሱ ባለፈ ማግሥት ባለቤቱ ወደ ሥራው ሲሄድ ይሸኘው፤ ደክሞ ሲመለስም ተቀምጦ ይጠብቀው። ጊዜው በእውነት አንድ ሌሊት ብቻ ቢሆንበት ደግሞ ለእናቲቱ «ያየሁት አንድ ሌሊት ነው፤ በፍቅር ተቀብሎኛል፤ ኑሮውን ግን ከእሱ ከራሱ ስሙ» ብሎ መናገር ይችላል። ይህ ቃል ምንም እንኳ አጭር ቢሆን እናትን አያታልልም፤ በልጅም ላይ የማይችለውን ሸክም አይጭንም።