የታጠበ ሳንቲም

በ1936 ዓ.ም. የተቀረጸው ክብ የመዳብ 25 ሳንቲም ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለ ተመሳሰለ ተሰብስቦ፣ በኋላ ጠርዙ ሞገድ መስሎ ወጣ። የክቡ ደረጃ የሚለካው የንጉሡ ጠጉርና የአንበሳው ጎፈር ምን ያህል እንዳለቀ ታይቶ ነው፤ ውበቱ ግን ዕድሜ ያለበሰው ቡናማ ቀለም ነው።

እኔ እዚህ ጆሃንስበርግ አንዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌ አብለጨለጭሁት። አዋቂ አይቶ «ገደልኸው!» አለኝ። ያለቀው ጎፈር አልተመለሰም፤ ቆዳው ግን ተገፈፈ።

ታዲያ ለማያውቅ ገዢ ዝም ብዬ ብሸጠው ዋሽቻለሁ? አዎን፤ በእኔ ፈንታ ሳንቲሙ ይዋሻል።

እኛስ ወደ አገር ቤት ስንደውል ኑሯችንን በሎሚ አናጥብምን? ታናሽ ወንድማችን ያንን ብልጭታ አምኖ መንገድ ይጀምራል። ቡናማውን እናሳየው።