ምርቃትና ነጥብ

ታማኝነት በቋንቋችን ክብደት ያለው ቃል ነው። ለቃል ኪዳን፣ ለትዳር፣ ለባልንጀራ፣ ለአገርና ለአደራ እንናገረዋለን እንጂ ለሸቀጥ አንናገረውም። ታማኝ የምንለው ሰው ጥቅሙ ወደ ሌላ ሲያዘነብል አብሮ ያላዘነበለውን፣ ማንም ሳያየው የተቀበለውን አደራ ማንም ሳይጠይቀው የመለሰውን ነው። ወደ ምዕራቡ ዓለም ከመጣን ወዲህ ግን ይህን ቃል በኪሳችን በምንይዘው የፕላስቲክ ካርድ ላይ ታትሞ እናገኘዋለን። የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሩ፣ ቡና ቤቱ፣ ሆቴሉ ሁሉ ‹‹ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን›› ይለናል። የራሳችን አየር መንገድ እንኳ በሸባ ማይልስ አማካይነት የበረርነውን እየቆጠረ ከሰማያዊ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወርቅ ያሸጋግረናል። ለመሆኑ ታማኝነት ሊቆጠር ይችላልን? ተቆጥሮ ዋጋ የተከፈለበት ታማኝነትስ ስሙን ይዞ ሊቀጥል ይገባዋልን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመዝናኛ መርከቦችን ንግድ መርጫለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የታማኝነት መሰላል እንደዚህ በግልጽ የተሠራበት ንግድ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ የምኖርባት ሲያትል በየበጋው ወደ አላስካ የሚሄዱ ታላላቅ መርከቦች የሚነሡባት ከተማ ናት፤ በታክሲ ሥራ ባሳለፍኋቸው ዓመታት መንገደኞችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ወደብ ሳመላልስ ስለዚህ መሰላል ከወጪዎቹ ከራሳቸው አንደበት ብዙ ሰምቻለሁ።

መሰላሉ ይህን ይመስላል። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ ለነባር መንገደኞቹ ያቋቋመው ማኅበር ስሙ ሲተረጎም ‹‹የዘውድና የመልሕቅ ማኅበር›› ማለት ነው። በመርከብ ላይ ላደሩበት ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ሰፊውንና ውዱን ክፍል የያዘ ሁለት ያገኛል። በ3 ነጥብ ወርቅ፣ በ30 ፕላቲነም፣ በ55 ኤመራልድ፣ በ80 አልማዝ ይባላል። የመጨረሻው ጫፍ 700 ነጥብ ነው፤ 700 ሌሊት ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ነው። ከፍ ያለው ሰው ከሌላው ቀድሞ ይሳፈራል፣ በየቀኑ የተወሰነ መጠጥ ሳይከፍል ይጠጣል። ሆላንድ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ብዙ ቀን ለተጓዘ ሰው ሜዳይ ይሸልማል። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንላለን፤ በእነዚህ መርከቦች ላይ ግን ወርቅ ለመሆን ሦስት ሌሊት መተኛት ይበቃል።

ይሁን እንጂ ፈገግ ብሎ ማለፍ ፍርድ አይደለም። የእኛም ገበያ ከዚህ የራቀ አይመስልም የሚል ሰው ይነሣል፤ እውነት አለው። ‹‹ደንበኛ›› የምንለው ቃል ከ‹‹ደንብ›› የወጣ ነው፤ ዘወትር ከአንድ ሱቅ የሚገዛውን ሰው ‹‹ደንበኛ›› እንለዋለን፣ ትክክለኛውንና ሁነኛውን ነገርም እንዲሁ ‹‹ደንበኛ›› እንለዋለን። ቅቤ ወይም ቡና የምትገዛ ሴት ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ‹‹መርቂልኝ እንጂ›› ትላለች፤ ሻጯም ከሚዛኑ በላይ በእጇ ጥቂት ትጨምርላታለች። ያች ጭማሪ ምርቃት ትባላለች። አባት ልጁን ሲባርክ የሚሰጠውም ያው ምርቃት ነው። እንግዲህ የመርከቡ ነጻ መጠጥ ከዚህ በምን ይለያል? ሻጯስ ብትሆን ነገ እንድትመለስላት ብላ አይደለምን?

የገበያችንን ቸርነት ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም፤ ሻጯ ሂሳብ ታውቃለች። ልዩነቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ምርቃት ይለመናል እንጂ አይከሰስበትም። ከሰጪዋ እጅ፣ ከሰጪዋ ንብረት፣ በሰጪዋ ፈቃድ ይወጣል፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነጥብ ግን አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ የታሰበ ዕዳ ነው፤ ሰው የራሱን ገንዘብ በከፊል ሲመልሱለት ቢደሰት እንጂ ሊያመሰግን አይገደድም። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ፤ እርሱም ዱቤ ነው። የሰፈር ባለሱቅ ደመወዝ እስኪወጣ በደብተሩ ጽፎ ዘይትና ስኳር ሲሰጥ አደጋውን በራሱ ላይ ይወስዳል። ገዢው ባለሱቁን እንደሚያምን ባለሱቁም ገዢውን ያምናል። የመርከብ መንገደኛ ግን ጉዞው ሊጀመር ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ዋጋውን አጠናቅቆ መክፈል አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቢቀር ቀኑ በቀረበ መጠን የማይመለስለት ገንዘብ ይበዛል። እምነቱ የሚፈሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ይህ አንድ አቅጣጫ በፍርድ ቤትም ታይቷል። ከዋሽንግተን ግዛት የተነሡ ባልና ሚስት በካርኒቫል ኩባንያ መርከብ ሲጓዙ ሚስቲቱ በሜክሲኮ ጠረፍ አቅራቢያ ወድቀው ተጎዱና በሚኖሩበት ግዛት ክስ መሠረቱ። ኩባንያው በቲኬቱ ላይ በታተመው ውል መሠረት ክርክሩ መታየት ያለበት በፍሎሪዳ ነው አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ለኩባንያው ፈረደ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ የቲኬቱን ጽሑፍ በዚያው በጥቃቅን ፊደሉ ከአስተያየታቸው ጋር አያያዙት፤ ያን አንቀጽ ሊያስተውል የሚችለው እጅግ ጠንቃቃ መንገደኛ ብቻ እንደሆነ አንባቢው በዓይኑ እንዲፈርድ ፈልገው ነበር። ባለብዙ ነጥቡም ባለዜሮ ነጥቡም ወደ መርከቡ የሚገቡት የዚህን ዓይነት ውል ተቀብለው ነው። መሰላሉ የቱንም ያህል ቢረዝም ከውሉ በላይ አያወጣም።

ታማኝነትን የሚጠይቀን ኩባንያ ራሱ ለማን ታማኝ እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሮያል ካሪቢያን ዋና መሥሪያ ቤቱ በማያሚ ነው፤ በሕግ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1985 በላይቤሪያ ነው፤ ከብዙዎቹ መርከቦቹ ኋላ የሚነበበው የምዝገባ ወደብ ደግሞ የባሃማስዋ ናሶ ናት። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኞችን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ ከሲያትል ተነሥተው አላስካን ጎብኝተው የሚመለሱት መርከቦች በካናዳዋ ቪክቶሪያ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። መንገደኛው አንድ ተጨማሪ ከተማ በማየቱ ይደሰታል፤ ከተማዋን በጉዞው ውስጥ ያስገባት ግን ባንዲራው ነው። ይህን የማነሣው ሕገ ወጥ ነው ለማለት አይደለም፤ ሕጋዊ ነው። የማነሣው ባንዲራውን በጥቅም ስሌት የመረጠ ድርጅት የመንገደኛውን ተመሳሳይ ስሌት ‹‹ታማኝነት›› ብሎ ሲጠራው የቃሉ ትርጉም እንዳይጠፋብን ነው።

ስሌቱ ሲለወጥ የሆነውንም አይተናል። ካርኒቫል በነበረው ደንብ መንገደኛው ለተጓዘበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ ይቆጠርለት ነበር፤ 75 ሲደርስ ፕላቲነም፣ 200 ሲደርስ አልማዝ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ኩባንያው ደረጃው ወደፊት የሚለካው በቀን ብዛት ሳይሆን በሚወጣው ገንዘብ እንደሚሆንና በየጊዜው መታደስ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። ብዙ ነባር መንገደኞች አዘኑ፤ ‹‹እኛ ታማኝ ሆነን ሳለ›› አሉ። ኀዘናቸው ይገባኛል፤ ዓመታት የቆጠሩት ነገር በአንድ ማስታወቂያ መልኩን ለወጠ። ይሁን እንጂ ክህደት የሚኖረው ኪዳን ባለበት ነው፤ በዚህ ግን አንደኛው ወገን ደንቡን እንዳሻው ሊለውጥ እንደሚችል ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር። አዲሱ ደንብ በአንድ በኩል ከአሮጌው የበለጠ እውነተኛ ነው፤ ሲቆጠር የኖረው ምን እንደነበረ ሳይሸፍን ይናገራልና።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ከዚህ ይጀምራል። ወደ ወደብ ካደረስኋቸው መንገደኞች መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ የማኅበሩን ትንሽ ምልክት በደረታቸው ላይ ሰክተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በየዓመቱ ብቻቸውን ይጓዛሉ። የመርከብ ዋጋ የሚነገረው ክፍሉን ሁለት ሰዎች ይካፈሉታል ተብሎ ስለሆነ ብቻውን የሚሄድ ሰው የሁለት ሰው ዋጋ ያህል ይከፍላል። ይህ እንደማያከስራቸው ጠየቅኋቸው። ‹‹ስገባ ‹እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ› ይሉኛል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ማንም እንዲህ አይለኝም›› አሉኝ።

በስደት የሚኖር ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ ሊስቅበት አይችልም። ‹‹እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ›› የሚል ድምፅ ምን ያህል እንደሚያወጣ እናውቃለን። ለእኒህ ሴት ነጥቡ ቅናሽ ሳይሆን ስማቸው ተጽፎ የሚገኝበት መዝገብ ነው። በገንዘብ የተገዛ አቀባበል ሐሰት ነውን? እንደዚያ ለመፍረድ አልደፍርም። ሐኪምም ነርስም የሚከፈላቸው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ስለተከፈላቸው ሐሰት አይሆንም። ቁም ነገሩ ደግነቱ ከማን እንደመጣ መለየት ነው። ‹‹እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ›› ያላቸው ኩባንያው አይደለም፤ ምናልባት ከፊሊፒንስ ወይም ከኢንዶኔዥያ የመጣ፣ የገዛ ቤቱን ካየ ወራት ያለፉት አስተናጋጅ ነው። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በሚፈቅደው አንደኛው መለኪያ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል፤ ሳምንቱ 168 ሰዓት ነውና የቀረው 91 ሰዓት ለሥራ ሊውል ይችላል ማለት ነው። መንገደኛዋን ቤተኛ የሚያደርጋቸው ቤቱን ትቶ የመጣ ሰው ነው። ነጥቡ ግን የሚመዘገበው በኩባንያው መዝገብ ነው።

በዚህም ነጥብ መሰላሉ ከማስደሰት አልፎ ሊያበላሽ እንደሚችል ይታየኛል። ዘውግና ማዕረግ የተሰጠው ሰው ‹‹ይገባኛል›› ማለትን ይለምዳል። በብዙዎቹ መርከቦች ላይ ለሠራተኞች የሚሰጠው ዕለታዊ ጉርሻ በመንገደኛው ሂሳብ ላይ በራሱ ይጨመራል፤ መንገደኛው ግን ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ እንዲነሣለት ሊጠይቅ ይችላል። በመኪናዬ ውስጥ አንዱ መንገደኛ ለሌላው ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ሲያስተምር ሰምቻለሁ፤ አስተማሪው ባለከፍተኛ ደረጃ ነበር። ለኩባንያው ታማኝ ነኝ የሚል ሰው አልጋውን ላነጠፈለት ሰው ታማኝ ካልሆነ ታማኝነቱ ለማን ነው?

እውነተኛው ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነበር። ወረርሽኙ በማርች ወር መርከቦቹን ባቆመ ጊዜ በርካታ ኩባንያዎች ገንዘቡ እንዲመለስለት ከመጠየቅ ይልቅ ለወደፊት ጉዞ ለሚያስቀምጥ መንገደኛ የከፈለውን 125 በመቶ እንደሚያስቡለት ቃል ገቡ። በዚያ ሰዓት መርከቦቹ ዳግመኛ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ብዙዎች ገንዘባቸውን ተዉ። በዚህ ውስጥ ትርፍ ማሰብ አልነበረም አልልም፤ ሆኖም ሊጠፋ የሚችል ነገርን አሳልፎ መስጠት አለበትና ታማኝነት ለሚለው ስም ከ700 ሌሊት ይልቅ ይህ ይቀርባል። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በማኒላ የባሕር ወሽመጥ ከ20 በላይ የመዝናኛ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ቆመው ነበር፤ ፊሊፒናውያን ሠራተኞች አገራቸውን በዓይናቸው እያዩ ለመውረድ ተራ ይጠብቁ ነበር። ለእነርሱ ቀድሞ የሚያስወርድ ደረጃ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ስመለስ መልሴ ይህ ነው። ሊቆጠር የሚችለው መመላለስ ነው፤ ታማኝነት አይቆጠርም። ታማኝነት ሦስት ምልክት አለው፤ ዋጋ ያስከፍላል፣ ሁለቱንም ወገን ያስራል፣ መዝጋቢ ባይኖርም ይኖራል። የመርከቡ ካርድ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ስለዚህ ቅናሹን ያገኘ ሰው ያለ ኀፍረት ይጠቀምበት፤ በወቅቱ ርካሽ ሆኖ ካገኘውም ሌላውን ኩባንያ ይምረጥ፤ ከሓዲ አይሆንም። ቅናሽን ቅናሽ ማለት ማንንም አይጎዳም። ቅናሽን ታማኝነት ማለት ግን ይጎዳል፤ በተለይ እኛን፣ በታማኝነት ስም ብዙ የተጠየቅነውንና በዚሁ ስም ብዙ ያጣነውን፣ ቃሉ የሚያስፈልገን ቀን ሲመጣ ባዶውን እንዳናገኘው ያሰጋል።

በመርከቡም ላይ ለታማኝነት ቦታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሰባት ሌሊት ያደሩ ሰዎች፣ አንዱ አገልጋይ አንዱ ተገልጋይ ቢሆኑም፣ ከውሉ በላይ ሊተያዩ ይችላሉ። የአስተናጋጁን ስም ማወቅ፣ ጉርሻውን አለማስነሣት፣ ስለ ልጆቹ መጠየቅ በየትኛውም ማኅበር ነጥብ አያስገኝም። ከሚዛኑ በላይ በእጅ የምትጨመረው ምርቃት ይህች ናት፤ ሰጪዋም ኩባንያው ሳይሆን መንገደኛው ነው።