ስለ አሮጌ ዕቃና ስለ ወዳጅነት

ሰው ሰውን የሚፈልገው በፍቅር ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ በጎደለው አንድ ብረት ምክንያት ይፈላለጋል። እንዲህ በጥቅም የተጀመረ መተዋወቅ ወዳጅነት ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን? ወይስ ጉዳዩ ሲፈጸም አብሮ የሚፈጸም የገበያ ሰላምታ ነው? ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያበቃን ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ከተማ፣ በተፈቱ መኪኖች ግቢ ውስጥ ያገኘን ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ ካለፈ በኋላ ወደ ጨርጨር ደጋ መውጣት ይጀምራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል የሚጓዘው ሕዝብ በዚሁ በአሰበ ተፈሪና በሂርና በኩል ያልፋል። አሮጌ ኦቶሞቢልም ደካማነቱን የሚገልጸው በዳገትና በቁልቁለት ነውና፣ በነዚህ ቀኖች ኮፈኑን ከፍቶ በመንገድ ዳር የቆመ መኪና አይታጣም።

እኛ የምንወደው ፔዦ 404 ነው። ፈረንሳዮች በ1960 እ.ኤ.አ. ማውጣት ጀምረው በአገራቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራውን ያቆሙት ይህ መኪና፣ በሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል። የፋብሪካው ሥራ ከቀረ ግን ዘመን ስላለፈ፣ በሕይወት ያለው የሚኖረው ከሞተው በሚወሰድ ዕቃ ነው። ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ እያልን ከኢጣልያኖች በወረስነው ስም እየጠራን ከግቢ ወደ ግቢ መዞር የእንዲህ ያለ መኪና ባለቤት ዕጣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር፣ የበዓሉ ዋዜማ በሆነው ቀን፣ አሰበ ተፈሪ ስንደርስ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ይወርድ ጀመር። መካኒኩ የፍሬኑ ማስተር እንዳለቀ ነገረንና የተፈቱ መኪኖች ወዳሉባቸው ሽማግሌ ግቢ ወሰደን። እንደ እኛው ያለ ፔዦ ያለ ጎማ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብናይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሽማግሌው ማስተሩን ፈትተው በጨርቅ ወለወሉት፤ ወደ ፀሐይም አንሥተው ውስጡን ተመለከቱ። «ልጆቼ፣ ይህ አይሆናችሁም፤ ውስጡ ተበልቷል» አሉን።

የተናገሩት እውነት ነበር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ መኪናው ለብዙ ጊዜ ሲቆምም ያ እርጥበት የብረቱን ውስጠኛ ግድግዳ እየበላ ይቦረቡረዋል። በተቦረቦረ ብረት ላይ አዲስ ጎማ ቢገባም ዘይቱን አጥብቆ ሊይዝ አይችልም። ይህን እናውቅ ነበር። ነገር ግን በዓሉ ነገ ስለ ሆነ፣ «አባባ፣ ለቁልቢ ብቻ ያድርሰን፤ ዋጋውን እጥፍ እንከፍላለን» ብለን ለመንናቸው። እርሳቸውም «በር ወይም መስተዋት ቢሆን እሸጥላችሁ ነበር። ፍሬን ግን ነፍስ ይዟል፤ የሚሞተውም ገዢው ብቻ አይደለም» ብለው ዕቃውን ወደ ቦታው መለሱት።

ሂርና ከሚኖር ከአንድ ወዳጃቸው ዘንድ ደኅና ማስተር እንዳለ ስለሚያውቁ ልጃቸውን በአውቶቡስ ላኩት፤ እኛንም በቤታቸው አሳደሩን። ቤተ ሰቦቻችንን በሌላ መኪና ወደ በዓሉ ሰደድን፤ እኛ ግን ከብረቱ ጋር ቀረን። ሽማግሌው ሙስሊም ናቸው። ወደ ገብርኤል የሚሄደው ሰው ስለ መኪናው ሲል በዓሉን መተዉ ሳያስገርማቸው አልቀረም፤ ምንም አላሉንም እንጂ። ማስተሩ በማግሥቱ ቀትር ላይ መጣ። ቁልቢ የደረስነው ታቦቱ ከገባ በኋላ ነበር፤ በመንገድም ሳለን ሽማግሌውን እናማቸው ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባንም።

ቂማችን ሲበርድ ግን የዚያን ሰው ነገር መልሰን አሰብነው። ወቀሳን ፈርተው ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ዕቃ ደረሰኝ የለውም፤ በቁልቁለት ላይ ብንጠፋ ማንም ወደ እርሳቸው ግቢ ተመልሶ አይጠይቅም ነበር። ጥቅም ያገናኘው ሁሉ በጥቅም አይጸናም። ያገናኘን ፍላጎታችን ነው፤ ያወዳጀን ግን እምቢታቸው ነው። ፈልገን የለመንነውን የከለከለን ሰው ከኛ ይልቅ ለኛ አስቦ ነበርና።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ገዢው ይዞራል። ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ይናገር ዘንድ ግድ ከሆነ፣ ገዢስ የዕቃውን ምንጭ ይጠይቅ ዘንድ ግድ አይደለምን? በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብዙ ቅን ነጋዴዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ ስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው የገዛ ስፖኪዮውን ገዝቶ ይመለሳል እየተባለ መቀለዱም ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አሮጌ መኪና ወዳዶች ስለ ዋጋው አጥብቀን እንከራከራለን፤ ስለ ባለቤቱ ግን ዝም እንላለን። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ የበለጠ መጠገናቸው አይቀርምና ይህ ዝምታ የሚቀል አይመስለንም።

በሐምሌ በዓል ስንመለስ ለሽማግሌው ስጦታ ይዘን ሄድን፤ ለአንድ ደንበኛቸው ሲፈልጉት የነበረውን የፔዦ የኋላ መብራት ነው። ተቀብለው አመሰገኑን፤ አገላብጠውም አዩት። ከዚያም «የማን ነበር?» ብለው ጠየቁን። ከሶማሌ ተራ መግዛታችንን እንጂ ሌላ የምንመልሰው አልነበረንም። መብራቱን በወረቀት ጠቅልለው ከመደርደሪያው በላይ፣ ከሚሸጡት ዕቃዎች ለይተው አስቀመጡትና ቡና እንዲፈላ አዘዙ።