ኦሜና እና የሌሊት መብራት



ኬንያ የኖረ ሰው ኦሜናን ያውቀዋል። ገበያ ላይ ደርቆ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠው ትንሹ ነጭ ዓሣ ነው። ኡጋንዳ ሙኬኔ፣ ታንዛኒያ ዳጋ ይሉታል። መኖሪያው ሦስቱ አገሮች የሚጋሩት የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ከጣት አይበልጥም፤ ብቻውን ጉልበት የለውም። ስለዚህ በመንጋ ይሄዳል። ትልቅ ዓሣ ሲመጣበት ሁሉም አንድ ላይ ይዞራሉ፤ አዳኙ የቱን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎች ናይል ፐርች የሚባለውን በላተኛ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ጨመሩ፤ ብዙ የዓሣ ዓይነቶችም ጠፉ። ኦሜና ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ ዛሬም በብዛት አለ።

አብሮ መሆን እንደሚያድን እኛም በኑሮ አይተነዋል። ራሽን ያለቀበት ከጎረቤት ዱቄት ተበድሮ ወሩን ይጨርሳል፤ የታመመ በሰው ትከሻ ክሊኒክ ይደርሳል። መክብብ ምዕራፍ 4 የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ የሚያነሣው ጓደኛ ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ኦሜናን የሚያስይዘውም ያው አብሮ መሄዱ ነው። ቀን ወደ ሐይቁ ታች ይወርዳል፣ ሌሊት ወደ ላይ ይወጣል። አጥማጆች ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ጠብቀው ውኃው ላይ መብራት ያበራሉ። መብራቱ ደቃቅ ነፍሳትን ይሰበስባል፤ ኦሜናም ምግቡን ብሎ ይመጣል። የፊተኛው ሲዞር የኋለኛው ይከተላል። ከዚያ መረቡ ይነሣል።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወገኔ የሄደበት ሁሉ መሄድ አለብኝ? ካልሄድኩስ ወገኔን ከዳሁ ማለት ነው?

እኛ ዘንድ መብራቱ ብዙ መልክ አለው። «ገንዘብ ካመጣህ ስምህን ሊስት ላይ አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ አለ። «በሊቢያ በኩል እናሻግራለን» የሚልም አለ። ሰው ሲያመነታ «እነ እገሌ እኮ ከፍለዋል፤ አንተ ብቻ ቀረህ» ይሉታል። የምታስይዘው ይህች ቃል ናት። ያ ሰው ስለ ደላላው አልጠየቀም፤ የከፈሉትን ብዛት ብቻ ሰማ። እነሱም ሲከፍሉ የሰሙት ያንኑ ነበር። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አገልግሎት ግን በነፃ ነው፤ ሪሴትልመንትም አይሸጥም። ዘጸአት 23፥2 ብዙ ሰው ወደ ክፉ ቢያዘነብል አብረን እንዳናዘነብል ያስጠነቅቀናል። የሰው ብዛት ብቻውን መንገዱን ትክክል አያደርገውም።

በዚህ የተያዘውን ወንድማችንን ግን ሞኝ አንበለው። ዓሣው ወደ መብራቱ የሄደው ርቦት ነው። ሰውም ዓመታት ጠብቆ መልስ ሲያጣ፣ ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ሲያድጉ፣ ትንሽ ብርሃን ብታይ ዓይኑ ይሄዳል። ጥፋቱ በሌላው ጨለማ የሚነግደው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት የአጥማጁ መብራት ያን ያህል አይሠራለትም። ውኃው ሁሉ ሲበራ የአንዲት ፋኖስ ጉልበት ይቀንሳል። እንግዲህ እርስ በርሳችን ጨረቃ እንሁን። የተታለለ ሳያፍር ይንገረን፣ እኛም ሳንስቅበት እንስማው። ወሬ ስንሰማ «ማን አለ? በዓይኑ ያየ አለ?» እንበል። ሊከፍል የተነሣውን «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አብረን ቢሮ ሄደን እንጠይቅ» እንበለው።

እንዲህ ያለ ሰው ወገኑን አልከዳም። ኦሜና ጎረቤቱን ይከተላል እንጂ መጠየቅ አይችልም። ለእኛ ግን የምንጠይቅበት አፍ፣ የምናስቆምበት እጅ ተሰጥቶናል። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ወደ መብራት ሲሮጥ ብታዩ ዝም ብላችሁ አትከተሉት፤ ዝም ብላችሁም አትተዉት።

እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።