መስተዋትና መታጠቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የምንኖርባት ከተማ አምደ ወርቅ ትባላለች፤ ትርጓሜውም የወርቅ ምሰሶ ማለት ነው። የወርቁ ምሰሶ በስሟ እንጂ በአደባባይዋ የለም። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት፥ በአሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው የላከላቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ጓደኛው ከኋላው ሆኖ ያነሣው ነው። እንደ መስተዋት የሚያበራ ትልቅ ሐውልት ይታያል፤ በሐውልቱም ላይ ሰማዩ፥ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎችና ብዙ ሰው ጎብጠው ይታያሉ። ልጁ ፊቱን ወደ ሐውልቱ አዙሮ፥ ስልኩን ከፍ አድርጎ፥ በዚያ የሚታየውን የራሱን መልክ ያነሣል። እናቲቱም ፎቶግራፉን ብዙ ተመልክተው፥ «መምሬ፥ እኔ የማየው ጀርባውን ነው፤ እርሱ የሚያየው ማንን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ራሱን ነው» ብዬ መለስሁላቸው። ጥያቄያቸው ግን ከልቤ አልወጣም።

ሐውልቱ በቺካጎ ከተማ በሚሌኒየም መናፈሻ የቆመ ነው፤ ስሙም በቋንቋችን «የደመና በር» ማለት ነው። ቀራፂው በህንድ አገር በቦምቤ የተወለደው አኒሽ ካፑር ነው። በ1996 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ፤ ሥራው የተፈጸመው በ1998 ዓ.ም. ነው። 168 የማይዝግ ብረት ሰሌዳዎች ተበይደው፥ የመጋጠሚያቸው ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ተሞርደውና ተወልውለው አንድ አካል ሆነዋል። ቁመቱ 10 ሜትር፥ ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ክብደቱም ወደ 100 ቶን ይሆናል። ሕዝቡ ቅርጹን አይቶ «ባቄላ» ይለዋል። ወደ እርሱ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የራሱን መልክ ይፈልጋል፤ ይዳስሰዋል፤ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ቀና ባለ ጊዜ መልኩን ተባዝቶና ተዛብቶ ያየዋል፤ ይስቃል፤ መንገዱንም ይሄዳል። የዳሰሱት እጆች እድፍ ስለሚተዉበት ከታች በኩል ዘወትር ይወለወላል።

ምእመናን ሆይ፥ የጥበበኛው ሥራ የሚነቀፍ አይደለም። ባለጸጋውና ድኻው፥ እንግዳውና ባላገሩ በአንድ ብረት ላይ አብረው መታየታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ዳሩ ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (1፥23-24) ፊቱን በመስተዋት አይቶ፥ ዘወር ሲል ምን እንደሚመስል ስለሚረሳ ሰው ይነግረናል። መስተዋት እድፋችንን ያሳየናል እንጂ አያጥበንም።

እንግዲህ ወደ ኦሪት እንመለስ። በዘጸአት (38፥8) እንደ ተጻፈ፥ የናሱ መታጠቢያ የተሠራው በድንኳኑ ደጃፍ ያገለግሉ ከነበሩት ሴቶች መስተዋቶች ነው። በዚያ ዘመን መስተዋት የሚሠራው ከተወለወለ ናስ ነበረና። እያንዳንዲቱ ሴት ለብቻዋ መልኳን የምታይበትን ሰጠች፤ የአንዲቱ የነበረውም ለማኅበሩ አገልግሎት ሆነ፤ ካህናቱም ወደ መሠዊያው ሳይቀርቡ እጃቸውንና እግራቸውን ታጠቡበት። መስተዋት ለራስ ሲያዝ መልክ ማያ ብቻ ነው፤ ለእግዚአብሔር ሲሰጥ ግን መታጠቢያ ይሆናል።

ይህ ነገር አስቀድሞ እኛን ካህናትን ይመለከታል። በጥምቀት በዓል ታቦቱ ወጥቶ ሳለ፥ ጀርባችንን ለታቦቱ ሰጥተን መልካችንን በስልክ የምናነሣ ብዙዎች ሆነናል። ወጣቶቹን ብቻ አልወቅስም። እኔ ራሴ ካባዬ አምሮ እንደ ሆነ ለማየት የበዓሉን ፎቶግራፍ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ በዚያ ቀን የተነበበውን ወንጌል ግን ያን ያህል አላሰብሁትም።

የሚያንጸባርቅ ሐውልት ሁሉ ሰውን በራሱ ላይ ብቻ አያስቀረውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ፥ በቬትናም ጦርነት ለሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች በ1975 ዓ.ም. የተመረቀ መታሰቢያ አለ። ንድፉን ያወጣችው ማያ ሊን ያን ጊዜ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከተወለወለ ጥቁር ግራናይት የተሠራ ረጅም ግድግዳ ሲሆን፥ ከ58,000 የሚበልጥ ስም ተቀርጾበታል። የዘመዱን ስም ሊፈልግ የቀረበ ሰው የራሱን ፊት በሙታኑ ስም መካከል ያየዋል። ስሙን በጣቱ ይዳስሳል፤ ወረቀት አኑሮ በእርሳስ እያሸ ቅርጹን ይወስዳል፤ አበባና ደብዳቤም ትቶ ይሄዳል። በዚያ ሰው ራሱን ቢያይ የሌላውን ስም ተሸክሞ ያያል።

ወደ ዋግ እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ፥ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በሰሜኑ ጦርነት ካለቁት ወገኖቻችን የብዙዎቹ ስም በድንጋይ አልተቀረጸም። የሚጠራው በቤተ ክርስቲያን፥ በፍትሐትና በተዝካር ነው። እንግዲያስ ስማቸው በተጠራ ቁጥር የእያንዳንዳችን ፊት በዚያ መካከል ይታይ። ከሟቹ ጋራ ተጣልቼ ሳልታረቅ ቀርቼ ነበርን? ተፈናቅሎ በመጣ ጊዜ ደጄን ዘግቼበት ነበርን? ልጆቹስ ዛሬ ምን ይበላሉ? የተዝካሩን እንጀራ በልቶ የሟቹን ልጆች ደጅ የማይረግጥ ሰው፥ መልኩን አይቶ እንደ ረሳው ሰው ነው። ራሱን አይቶ ንስሐ የገባ፥ የተቀየመውንም የታረቀ፥ የድኻ አደጉን እጅ የያዘ ግን መስተዋቱን መታጠቢያ አድርጎታል።

ለእናቲቱም መልሴን አሻሽያለሁ። «ልጅዎ ራሱን ቢያይም ፎቶግራፉን ለእርስዎ ልኮታልና ለራሱ አላስቀረውም» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያውስ በሚመጣው ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይላክልኝ» አሉ። ንስሐ ማለትም ፊትን ማዞር ነው፤ ለራሳችን ብቻ ያዞርነውን ፊት ወደ እግዚአብሔርና ወደ ወንድማችን እንድንመልስ እርሱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።