ጠጋ በሉላቸው

ልጆቼ፣ የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወላጆች፣ መስከረም ሲጠባ ልጅ ይዛችሁ ለምዝገባ ትሰለፋላችሁና ስለዚያ ሰልፍ ላውጋችሁ። ከመካከላችሁ መሸኛ የሌለው ልጅ ይቆማል። ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐብሩ፣ ጃራ መጠለያ የገባ ቤተሰብ ልጅ ነው። ነፍሷን ልታድን የሸሸች እናት ሕፃኗን አዘለች እንጂ የትምህርት ካርድ አልፈለገችም። ልጇን "ወረቀትህን አምጣ" ብሎ ከበር መመለስ ሁለተኛ ማፈናቀል ነው። መምህራኑ ይፈትኑትና የሚመጥነው ክፍል ይግባ።

የኛ አገር ክፍል መቼም አንድ ዓይነት ልጅ ይዞ አያውቅም። አንዱ ጁምዓ ይሰግዳል፣ አጠገቡ ያለችው ጾም ይዛለች፤ ቤታቸው ብትሄዱ ደግሞ አያታቸው አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከቆላው የአፋር ልጅ፣ ከራያ ትግርኛ ከእናቱ የሰማ ልጅ፣ አሁን ደግሞ በኦሮምኛ እየተጫወተ ያደገ ልጅ አለ። ሕገ መንግሥቱም በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። እኔን የሚያሰጋኝ ልጆቹ መቀላቀላቸው አይደለም፤ እራት ላይ ከእኛ አፍ የሚሰሙት ነው። "መጤ" የምትል ቃል ማታ ከቤት ወጥታ ጠዋት ክፍል ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በስሙ አይጠራም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እኛስ መቼ ረሳነው? ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ስትያዝ ስንቶቻችን ደሴና ከዚያ ወዲያ ተሰደድን! የሰው ቤት አስጠግቶናል፣ የማናውቃት እናት እንጀራ ቆርሳልናለች። ስንመለስ ትምህርት ቤቶቻችን ተዘርፈውና ፈርሰው ጠበቁን።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት መጥቶ ስንቱን ክፍል ዘጋ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ልጅ እንደ ማሽላ ቡቃያ ነው፤ ውሃ በሚሻበት ወር ዝናቡ ከቀረበት፣ በኋላ ቢዘንብለትም ያ ዛላ አይሞላም። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት አራተኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ብታዩ አትሳቁበት፣ ልጆቻችሁም እንዳይስቁበት ተቆጡ። እፍረት አንዴ ካባረረው የሚመልሰው የለም።

መሣሪያ የያዛችሁም ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ ለልጆች ተዉላቸው። መምህሩንም የማን ነህ አትበሉት።

እናንተ ደግሞ የወላጅና የመምህራን ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። የጃራ እናቶችም ይጠሩ። ቀድመው ይናገሩ፤ አማርኛው የሚከብዳት ካለች የሚያስተረጉምላት ሰው አጠገቧ ይቀመጥ። ለልጃችሁ ደብተር ስትገዙ፣ አቅሙ ካላችሁ፣ አብሮት ለሚቀመጠው ልጅም ጨምሩ።