ጋያና ፒፓ

በላሊበላ ከተማ ምሽት ላይ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጥቶ መቀመጥ የእንግዳ ሁሉ ልማድ ነው። ፀሐይዋ ከላስታ ተራሮች ጀርባ ልትገባ ስትል ሸለቆው ሰማያዊ ጭስ የለበሰ ይመስላል። መምሰል ብቻም አይደለም፤ በየጎጆው እራት የሚሠራበት ሰዓት ነውና ጭሱ በእርግጥም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንደዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ጭስ ባለበት ምሽት የእኔ አንዲት ጭስ ማንን ታስቀይማለች ብዬ ፒፓዬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሞላሁና ለኮስኩ።

ሁለት ሦስቴ እንደ ሳብኩ ከበስተኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንት መሪጌታ ናቸው። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ሰላምታዬን በወጉ ከመለሱ በኋላ በአገጫቸው ወደ እጄ አመለከቱና፣

«ልጄ፣ ይህ ቅጠል ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ መሆኑን ሳትሰማ ቀርተህ ነው?» አሉኝ።

ሰምቻለሁ። በደጋው አገር ያደገ ሰው ይህን ያልሰማ የለም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ መልስ የማያጣ ሰው ነበርኩ። አርዮስ ቁስጥንጥንያ ላይ የሞተው በ336 (እ.ኤ.አ.) እንደሆነ፣ ትምባሆ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል እንደሆነ፣ ኮሎምቦስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ባሕር ተሻግሮ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ከአትላንቲክ ወዲህ ያለ ሰው በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ፣ ንጉሥ ላሊበላ እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት ሲያስወቅር እንኳ በዓለሙ ሁሉ ትምባሆ የሚያጨሰው ከዚያ ማዶ ያለው ሕዝብ ብቻ እንደነበር… በአክብሮት፣ ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መሪጌታው እስክጨርስ ድረስ በመቋሚያቸው ተደግፈው አዳመጡኝ።

«እሺ፣ አርዮስን ተውልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ነገሩ ደግ ነገር ነው ወይ?»

ለዚህኛው ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ «እግዜር ያሳድርህ» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ለመሆኑ አንድ ክልክል ነገር የተከለከለበት ምክንያት ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ክልከላውም አብሮ ይወድቃል ወይ? ወይስ ምክንያቱ ተረት፣ ክልከላው ግን እውነት ሊሆን ይችላል?

ትምባሆ ያልተወገዘበት አገር የለም ማለት ይቻላል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1604 (እ.ኤ.አ.) በራሳቸው እጅ የውግዘት ጽሑፍ ጽፈውበታል። የኦቶማኑ ሱልጣን አራተኛው ሙራድ በ1633 አጫሹን በሞት እንዲቀጣ አዘዙ። በሞስኮም በዚያው ዘመን አፍንጫ ይሰነጠቅ ነበር። የእኛው አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት፣ የጋያ አጫሹን ከንፈር፣ የሱረት ሳቢውን አፍንጫ ያስቆርጡ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። እዚህ ላይ አንባቢ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ሊል ይችላል። እኔም ብያለሁ። ጭካኔ መሆኑን ዛሬም አልክድም።

ይሁንና አንድ ነገር አጋጠመኝ። ከአፄ ዮሐንስ መንገሥ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1761 (እ.ኤ.አ.)፣ ጆን ሂል የተባለ የሎንዶን ሐኪም ሱረት የሚያበዙ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥ ክፉ ዕጢ እንደሚወጣባቸው ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። በ1795 ደግሞ ሰመሪንግ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም ፒፓ የሚያዘወትሩ ሰዎች የከንፈር ነቀርሳ እንደሚይዛቸው መዘገበ። ሱረት ለአፍንጫ፣ ፒፓ ለከንፈር! የንጉሡ ፍርድና የሐኪሞቹ መዝገብ አንዱ ስለ ሌላው ምንም ሳያውቅ በአንድ ገላ ላይ ተገናኙ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ፒፓዬን አስቀምጬ መስተዋት ፊት ቆሜ ከንፈሬን መመርመሬን አልደብቅም።

እንግዲህ ንጉሡ ትክክል ነበሩ ልንል ነው? እንደዚያ ብዬ ልለፈው አልፈልግም፤ ምክንያቱም ቡና የሚባል ሌላ ምስክር አለ። ቡና በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ከትምባሆና ከጫት ጋር በአንድ ገመድ የታሰረ ነበር። ከሦስቱ ማናቸውንም የነካ ከወገን እንደ ወጣ ይቆጠር ነበር። ጥፋቱም ቡና ጨጓራ ይልጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል የሚል አልነበረም፤ «የእነዚያ ነው» የሚል ነበር። በተለይ ወሎ ላይ፣ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ ውሎ፣ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት አገር፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ የሚለየው በአንገት ማተብ ብቻ ሳይሆን በአፍ በሚገባው ነገር ጭምር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ስለ ሃይማኖት አንድነት የተወሰነው ውሳኔ የወረደውም በዚሁ ሕዝብ መካከል ነው። የተከለከለው ጭሱ ሳይሆን ጭሱ የሚለየው ወሰን ነበር ማለት ነው።

ከዚያስ? በአፄ ምኒልክ ዘመን ቡና ምሕረት አገኘ። ያ ሁሉ ውግዘት የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ዛሬ ቄሱ ጠበሉን ረጭቶ ሲያበቃ ሦስተኛዋን ሳይጠጣ አይነሣም። ከዚህ ላይ ነው ሁለቱ ክሶች የሚለያዩት። ቡና የተከሰሰበት ወንጀል የወሰን ጉዳይ ብቻ ስለነበረ ወሰኑ ሲላላ ነፃ ወጣ። ትምባሆ ግን ማንም ያልቆጠረው ሌላ ወንጀል ነበረበት።

ስለ አያቴ ሳላነሣ ይህን ጽሑፍ መቀጠል አልችልም። አያቴ የየጁ ቆላ ሰው ነበረች። ወደ ላስታ ደጋ የመጣችው በጋብቻ ነው፤ ስትመጣም ሃይማኖቷንና ስሟን ቀየረች። ጾሙን ጾመች፣ ማኅበሩን ጠጣች፣ ሰባት ልጆች ክርስትና አስነሣች። አንድ ነገር ብቻ መተው አቃታት፦ ጋያዋን። ቅሏ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ፣ ሸምበቆዋ በአፍ ብዛት የላላ፣ የሸክላ ራሷ ጠርዙ የተሸረፈ ጋያ ነበረች። ትምባሆውን ከጎመኑ መሐል በጓሮ ታበቅለው ነበር። ማታ ማታ ከብት ከገባ፣ ሰው ከተኛ በኋላ ከጎተራው ጀርባ የሚሰማውን የውኃ ኩልኩል እኛ ልጆቹ እናውቀዋለን። ለማንም እንዳንናገር ግን ያስጠነቀቀን የለም፤ እንዲሁ እናውቅ ነበር።

የንስሐ አባቷ ያውቁ ነበር። ስግደት ያዟታል፣ ትሰግዳለች፤ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ያዟታል። ስትሞት እናቴ ጋያዋን ከጎተራው ጀርባ አወጣችና ለቀስተኛ ሳይመጣ ድንጋይ ላይ ሰበረቻት። ቁርጥራጩን በአመድ ሸፍና ስትጥል አይቻታለሁ። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእናቴ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ አያቴ ሳንባ የተጨነቀ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ ሌሊት ሌሊት ስታስል መኖሯንም ያነሣ አልነበረም። ጭንቀቱ ሁሉ «ለካ አልተለወጠችም ነበር» እንዳትባል ነበር።

አሁን የእኔን ተመልከቱ። ፒፓዬን የገዛሁት በ1970ዎቹ ለትምህርት በሄድኩበት በፕራግ ከተማ ነው። ሱቁ ጠባብ፣ ሻጩ ሽማግሌ ነበር። መምረጥ ያስተማረኝ እርሱ ነው። ቀለም የበዛበትን አትግዛ ይለኝ ነበር፤ ቀለም የሚበዛው የእንጨቱን ቁስል ለመሸፈን ነው። እንደ ነበልባል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ሥረ መስመር ፈልግ። በእጅህ ስትይዘው ይቅለልህ። ቀዳዳው ትክክል ከጎድጓዳው ወለል መሐል መውጣት አለበት፣ አለዚያ እስከ መጨረሻው አይነድልህም። አዲስ ፒፓ መጀመሪያ በግማሽ ብቻ ይሞላል፤ ውስጡ የከሰል ሽፋን እስኪያበጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዛሬ ያጨስክበትን ነገ አሳርፈው። ስለ ትምባሆውም እንዲሁ፦ ቨርጂኒያ ጣፋጭ ናት፣ ግን ለሚቸኩል ሰው ምላስ ታቃጥላለች፤ በርሊ ለዘብ ያለ፣ የለውዝ ጠረን ያለው ነው፤ ላታኪያ የእንጨት ጭስ የጠጣ ስለሆነ የገና ለት ማድ ቤት ይሸታል። (ይህ የመጨረሻው የእኔ ንጽጽር ነው እንጂ የሻጩ አይደለም።)

ስለ ፒፓ ደግ ነገር ተናገር ብባል የምናገረው ይህን ነው፦ አያስቸኩልም። ሲጋራ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ፒፓ ግን ይጠቀጠቃል፣ ይለኮሳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይለኮሳል። ሰው እንዲያስብ ያስገድዳል፤ ወይም የሚያስብ ያስመስላል። አዲስ አበባ ስመለስ የጠቀመኝ ሁለተኛው ይመስለኛል። በመሥሪያ ቤት፣ በሻይ ቤት፣ በስብሰባ ፒፓ የያዘ ሰው ይደመጣል። «ምሁር ነው» ይባላል። ከንፈሬን ሊቆርጥ የመጣ ቀርቶ ፊቱን ያጨማደደብኝም አላጋጠመኝም። አያቴ ከጎተራ ጀርባ ተደብቃ ያደረገችውን እኔ ክራባት አስሬ በአደባባይ አደረግሁት። ቅጠሉ ያው ቅጠል፣ ጭሱ ያው ጭስ ነው። ልዩነቱ እርሷ በቅልና በሸምበቆ፣ እኔ በፈረንጅ እንጨት መሳባችን ብቻ ነበር።

የፈረንጅ እንጨት አልኩ እንጂ ይህም ልክ አይደለም። የፕራጉ ሻጭ እንጨቱ በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል የአንድ ቁጥቋጦ ሥር እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ከግንዱና ከሥሩ መሐል የሚያብጠውን እጢ ቆፍረው ያወጡታል፣ ለሰዓታት ይቀቅሉታል፣ ለወራት ያደርቁታል። እሳት የማይበላው እርሱ ስለሆነ የፈረንሳይ ጠራቢዎች ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፒፓ ሲሠሩበት ኖረዋል። ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ የዕፅዋት መጽሐፍ ሳገላብጥ የቁጥቋጦውን የሳይንስ ስም አገኘሁ፤ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል። ከሥሩ የአገራችን መጠሪያ ተጽፏል፦ አስታ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ ከላሊበላ በላይ፣ ዳገቱን የሸፈነው ያው አስታ! የላስታ ሰው እንደ ማገዶ የሚያነደው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አርዮስን በዓመተ ምሕረት ረትቼዋለሁ። ግን በዚያ ረቺነት ያደረግሁት ምንድን ነው? የተረቱን ሐሰትነት እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ልጅ ሳለሁ «አታጭስ» ያሉኝ ሁሉ የሰጡኝ ምክንያት ይህ አንድ ነበረና፣ እርሱ ሲፈርስ አብሮት የሚቆም ነገር አላየሁም። በ1950 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ትምባሆንና የሳንባ ነቀርሳን በቁጥር አያይዘው ካሳዩ በኋላ ነው እኔ ያደግሁት፤ ነገር ግን ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጆሮዬ ከመሪጌታዎቹ ተረት ጋር አንድ ላይ ዘግቶት ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በትምባሆ ምክንያት በየዓመቱ የሚሞተውን ከ7 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። እኛም ዘንድ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በተዘጋ የሕዝብ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። መንግሥት ራሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የትምባሆው ብቸኛ ነጋዴ መሆኑን፣ በኋላም አብዛኛውን ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ መሸጡን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ቢሆንም አዋጁ ሰውነትን እንጂ ወገንን አይጠይቅም፤ ከከንፈር መቁረጥም የሚለየው በዚህ ነው።

ለደግ ነገር ብሎ ሐሰት የሚያስተምር ሰው የሚበድለው ሐሰቱን ያመነውን አይደለም፤ ያ ሰው ቢያንስ ሳንባውን አትርፏል። የሚበድለው ሐሰቱን የደረሰበትን ነው። አያቴን ግን ሁለቱም አላተረፏትም፤ ተረቱን እያመነች ታጨስ ነበርና። አንድ ሰው ቀርቦ «ሳልሽ ከዚህ ነው» ቢላት ኖሮ ትተወው ነበር ወይ? አላውቅም። ያላት ሰው ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ከቤተ ጊዮርጊስ ስመለስ መሪጌታውን ከአንድ ወይራ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትናንት ለጠየቁኝ መልስ መጣሁ አልኳቸው፦ «ደግ ነገር አይደለም፣ አባቴ።» ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ረታ ሰው አልሳቁብኝም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ያልተለኮሰውን ፒፓ ሰጠኋቸው። ገለበጡት፣ በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ አሸተቱትና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ከምን እንጨት ነው?»

«ከአስታ ሥር ነው።»

«አስታ! ይህ የእኛው አስታ? ክረምቱን ሙሉ የምንሞቀው?» አሁን ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ስንት ከፈልክበት?»

ዋጋውን በግማሽ ቀንሼ ነገርኳቸው።